የጥንቸሏን ጥርስ የሞረድኩት እኔ አይደለሁም

ትናንት የጻፍኩትን ፖስት ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ላይካችሁን መልሳችሁ ውሰዱ።

ሼር ያደረጋችሁትም አጥፉት። «አባባ፣ ለእንስሳ እንዲህ የሚራራ ሰው ዛሬ የት ይገኛል» ብለሽ ኮሜንት የሰጠሽው እህት፣ አንቺ በተለይ ይህንን አንብቢ።

ውሸቴን ነው።

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጥንቸሏ ነበረች። ጥርሷም ነበር፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ነበር። ሞረዱም ነበር። እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ውሸቱ አንዲት ቃል ላይ ነው፤ «ሞረድኩ» ያልኩት ላይ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግን ዝም ብዬ ብነግራችሁ አይገባችሁም። መጀመሪያ ሃምሳ ምናምን ዓመት ወደኋላ፣ ነጌሌ ቦረና ድረስ አብራችሁኝ መሄድ አለባችሁ።

ፖስቱን ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የልጅ ልጄ ሊዲያ ጥንቸል አላት። ሰሞኑን ጥንቸሏ መብላት አቆመች፤ አገጯም ረጥቦ ይውላል። ክሊኒክ ወሰድናት። ወጣቱ ሐኪም አፏን ከፍቶ አየና ጥርሷ አድጎ ነው አለን። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ ደረቅ ሣር እያኘከች ካልፈጨችው ይረዝምና አፏን ይዘጋዋል።

እኔ አፌን መዝጋት አልቻልኩም።

«እኛ በጃንሆይ ጊዜ፣ ነጌሌ ላይ፣ ይሄንን በሞረድ ነበር የምንሠራው» አልኩ። ሐኪሙ በአድናቆት አየኝ። ሊዲያ ስልኳን አውጥታ ቀረፀችኝ። ቤት ስገባ ደግሞ አሳምሬ ጻፍኩት። «እኛ» ያልኩት «እኔ» ሆነ።

የቀረውን ታውቃላችሁ። ጀግና አላችሁኝ።

እንግዲህ እውነቱ ይኸውላችሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስድስት ወር የከብት ክትባት ሠልጥኜ ከመንዝ በቀጥታ ነጌሌ ተመደብኩ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከብት መውጋት። ሰዉ ግን «ዶክተር» ይለኝ ነበር። ሻይ ቤቱም፣ ገበያውም፣ ዘበኛውም «ዶክተር»።

አንድም ቀን አላረምኳቸውም። ይሄ ብቻውን ብዙ ሊነግራችሁ ይገባል።

በከተማው አንድ ትልቅ ሹም ነበሩ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሹም እንደነበሩ አልናገርም፤ ዘመዶቻቸው ፌስቡክ ላይ አይጠፉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ይባላሉ። ልጅ አልነበራቸውም። አገራቸው ጎንደር፣ እናታቸው ጎንደር፣ እህቶቻቸው ጎንደር፤ እሳቸው ብቻቸውን ያንን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ሙቀትና አቧራ ውስጥ የተቀመጡ ሴት ናቸው።

የነበረቻቸው አንዲት ነጭ ጥንቸል ናት። አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው ነው የሄደው። ስሟ ሙሽራ። ሰባት ዓመቷ ነበር። ለጥንቸል ሰባት ዓመት አሮጊት ማለት ነው። አሮጊቷ ሙሽራ።

ከተማው ይስቅባቸው ነበር። ሠራተኛቸው «እርኩስ አልነካም» ብላ ገና በተቀጠረችበት ቀን ተናግራለች። የንስሐ አባታቸው ለጠበል ሲመጡ ሙሽራ ጓሮ ካልወጣች ደጁን አይረግጡም ይባላል። እሳቸው ግን በገዛ እጃቸው ያጎርሷት ነበር። ዳቦ። ሙዝ። የተቀቀለ ድንች። የእንግዳ ምግብ።

እኔም ሻይ ቤት ተቀምጬ ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ።

እስኪጠሩኝ ድረስ።

ሰኞ ጠዋት ነው። የሹሙ ዘበኛ ቢሮዬ ድረስ መጣ። «እትዬ ይፈልጉሃል፣ አሁኑኑ።»

ሳጥኔን አንስቼ ስወጣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ግራር ሥር አንድ ሰው ተቀምጠዋል። ኦቦ ጉዮ ናቸው።

ኦቦ ጉዮን ላስተዋውቃችሁ። መንደራቸው ወደ አሬሮ በሚወስደው በኩል ነው፤ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለክትባት እዚያ ስሄድ ሰዉ ከብቱን ደብቆ ነበር። መንግሥት ከብት የሚቆጥርበት ዘዴ ነው ብለው ፈርተው። ማንም አልቀረበኝም። ኦቦ ጉዮ ግን የራሳቸውን ላሞች ከፊቴ አቁመው «መጀመሪያ የእኔን ውጋ» አሉኝ። ላሞቻቸው በሳምንቱም በደህና ሲውሉ አገሩ ሁሉ ከብቱን እየነዳ መጣ። እኔም በዚያ የተነሳ አለቆቼ ዘንድ ጎበዝ ተባልኩ።

ያኔ «አንተ» ነበር የምላቸው። ሃምሳ ያለፋቸውን ሰው። ከመሐል አገር የሄድነው ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። አሁን «አንቱ» እያልኩ የምጽፈው ዘግይቼ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«አካም፣ ዶክተር። ናጋ?» ብለው ሰላምታ ሰጡኝ።

«ናጋ። ምን ሆነህ መጣህ?»

«ላም ታሟል» አሉ፣ በገበያ አማርኛቸው። «ጉሮሮ አብጧል። ለሃጭ ይወርዳል። ትናንት አንድ ሞተ። አራት ቀርቷል፣ ታሟል። መርፌ ይዘህ ና።»

በሽታውን አውቀዋለሁ። ጎሮርሳ ነው። ዛሬ የተወጋች ላም ትድናለች። ነገ የተወጋች ምናልባት። ከነገ ወዲያ መርፌ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ለቅሶ ሊደርስ ነው የሚሄደው።

መድኃኒቱ ነበረኝ። እጄ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ።

«እዚሁ ሰፈር አንድ ቤት ደርሼ እመጣለሁ፤ ጠብቀኝ» አልኳቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት በረንዳው ላይ ሙሽራን ታቅፈው ቁጭ ብለዋል። ጥንቸሏ የጀርባ አጥንቷ ይቆጠራል። አገጯ ሥር ያለው ጠጉር ረግፎ ቆዳው ቀልቷል። አፏ ይሸታል።

«ሦስት ቀኗ ነው» አሉኝ። «ምግቡን ትፈልገዋለች እኮ። ታሸተዋለች፣ ታነሳዋለች፣ ከዚያ ከአፏ ይወድቃል። ዶክተር፣ ሌላ ማንን ልጥራ?»

ጥንቸል ነክቼ አላውቅም። በሬ ቀንዱን ይዤ እጥላለሁ፤ ይቺን አንድ ክንድ የማትሞላ ፍጥረት ግን እንዴት እንደምይዛት አላውቅም። አፏን መክፈት ፈራሁ። ስለዚህ አልከፈትኩም። ሆዷን ዳበስኩ፣ ጆሮዋን አየሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እርጅና ነው፣ እትዬ። ጥርሷ ረግፏል። ለስላሳ ለስላሳውን ይስጧት። ዳቦ በወተት አርሰው።»

ሰማችሁኝ አይደል? ክሊኒክ ያለው ልጅ «ደረቅ ሣር» አለ። እኔ «ዳቦ በወተት» አልኩ። አፏን ሳልከፍት።

ዶክተር።

ሠራተኛዋ ስለማትነካት ማጉረሱ የእኔ ሆነ። ወይዘሮ የሺመቤት ይይዟታል፤ እኔ በሻይ ማንኪያ እሰጣለሁ። ወተቱ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል በአንገቷ ይወርዳል። እንጠርጋለን። በንጹሕ ጨርቅ እናደርቃለን። የቀላውን ቆዳ ቫዝሊን እንቀባለን። ደግሞ አንድ ማንኪያ። ደግሞ እንጠርጋለን።

ስወጣ ከሰዓት ሆኗል። ኦቦ ጉዮ እንደተቀመጡ ናቸው።

«መሽቷል፣ አሁን አንደርስም። ነገ ጠዋት» አልኳቸው።

ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። አልመሸም ነበር።

«መድኃኒት ስጠኝ» አሉ። «እኔ እወጋለሁ። ባለፈው ስትወጋ አይቻለሁ። እዚህ ጋ ነው፣ ከቆዳ ሥር።» በጣታቸው አንገታቸው ላይ አሳዩኝ። ቦታውን አልሳቱም።

«ደንቡ አይፈቅድም» አልኩ።

ስለ እውነት ልናገርና፣ እንደዚያ የሚል ደንብ ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። አንብቤ አላውቅም። መርፌውን እሳቸው መውጋት ከቻሉ ግን እኔ ምንድን ነኝ? ደንቡ ያ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ለመንገድ ተዘጋጅቼ ወጣሁ። ዘበኛው በር ላይ ቆሟል።

«ብሶባታል።»

በዚያ ቀን ሹሙ ራሳቸው ቤት ነበሩ። ካፖርታቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው አነጋገሩኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ስለ ጥንቸል ግድ የለኝም። ሴትዮዋ ግን እንቅልፍ አጥታለች። ይህችን ነገር አድንልኝ።» ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ ጨመሩ። «የዝውውር ማመልከቻህንም አይቻለሁ።»

አዎ፣ ዝውውር ጠይቄ ነበር። አዲስ አበባ። ከነጌሌ የማይጠይቅ አልነበረም።

አልሄድኩም።

ለጥንቸሏ የሆድ ትል መድኃኒት ሰጠኋት። ለጥጃ የሚሰጠውን፣ በግምት ቀንሼ። ለሃጯ ጨመረ። ወይዘሮ የሺመቤት ማልቀስ ጀመሩ፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ የነጠላቸውን ጥለት እየነከሱ። አየር ለመውሰድ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ኦቦ ጉዮ ከእኔ ቢሮ በር ተነስተው የሹሙ በር ላይ ተቀምጠዋል።

«እዚያ ቤት ማነው የታመመ?» አሉኝ።

በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

«ጥንቸል።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ወይም ይሰድቡኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልይ» አሉ።

ለጥንቸሏ አዝነው አልነበረም። ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ነው የሚገባኝ። እኔ ቶሎ ጨርሼ እንድወጣላቸው ነው።

በረባሷቸውን ደጅ ላይ አውልቀው ገቡ። ወይዘሮ የሺመቤት እኔን አዩኝ። «የእኔ ሰው ነው» አልኳቸው። የእኔ ሰው! «ጥርሷ ረግፎ ነው ብሏል ዶክተሩ» አሏቸው ወይዘሮ የሺመቤት። ኦቦ ጉዮ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጥንቸሏን በገዛ ጋቢያቸው እጥፍ አድርገው ጠቀለሏት፤ ጭንቅላቷ ብቻ ቀረ። በጉልበታቸው መሐል አስቀመጧት። ከዚያ የላይኛውን ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉ።

በቃ። ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ያላደረግኩት እሱን ነበር።

«ና እይ» አሉኝ።

የታችኞቹ ጥርሶቿ ወደ ላይ ወጥተው አፍንጫዋን ሊነኩ ደርሰዋል። የላይኞቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ላንቃዋን እየወጉ ነው። ምላሷ ቆስሏል። አፏ ሊገጠም አይችልም።

«ጥርስ ጠፋ ያልከው አንተ ነህ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልጠፋም። በዝቷል። ለስላሳ መሬት ላይ የሚውል ፍየል ሰኮናው ይረዝማል። ይሄም ለስላሳ ነው የሚበላው። ሞረድ አምጣ።»

ሞረዱ ከሹሙ ሾፌር የመሣሪያ ሳጥን ተገኘ። በፈላ ውኃ አጠብነው። ወይዘሮ የሺመቤት ማየት ስላልቻሉ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ።

እኔ ጥንቸሏን ደግፌ ያዝኩ። ይቺን ክሬዲት አትንፈጉኝ። ልቧ በጣቶቼ ሥር እንዴት እንደሚሮጥ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ኦቦ ጉዮ የጣት ውፍረት ያለው ለስላሳ እንጨት በአፏ አግድም አስገቡ። ምላሷን በጨርቅ ጋረዱ። ከዚያ መሞረድ ጀመሩ። ቀስ ብለው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞርዱና ያቆማሉ። ትተንፍስ ይላሉ። ደግሞ ይጀምራሉ። ከብት ሲያጠጡ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ በአፍንጫቸው እያዜሙላት ነበር። ነጩ የጥርስ ዱቄት ጋቢያቸው ላይ ይረግፋል።

ሲጨርሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች።

ከግቢው ጥግ ደረቅ ሣር ነጭተው መጡና ከፊቷ አኖሩላት። አሸተተችው። አነሳችው።

አልወደቀም።

ማኘኳ ተሰማ። ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚንኮሻኮሽ ዓይነት ድምፅ። ወይዘሮ የሺመቤት ድምፁን ሰምተው ከጓዳ ወጡ። ለትንሽ ጊዜ ቆመው አዩ። ከዚያ መጥተው እጄን ያዙና ሳሙት።

«ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። በሞረድ? እንዴት አድርገህ አሰብከው?»

እስቲ እዚህ ጋ ከእኔ ጋር ቁሙ።

ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው። «እሳቸው ናቸው።» ወይ በያኔው አፌ፣ «እሱ ነው»። ከዚህ በላይ አያስፈልግም ነበር።

«ሥራችን ነው፣ እትዬ» አልኩ።

ኦቦ ጉዮ ደጁ ላይ ባለው የውኃ በርሜል ሞረዱን እያጠቡ ነበር። አማርኛ ይሰማሉ። ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ዝናብ ይጥል አይጥል እንደሆነ ሰማይ እንደሚያይ ሰው ነው ያዩኝ። አዩና ወሰኑ።

«ጨረስክ?» አሉኝ። «እንሂድ።»

«ምሳ ሳይበላማ አይሄድም» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «ጌታዬም መጥተው ያመስግኑት።»

ተቀመጥኩ።

ዶሮ ወጥ ነበር። ሹሙ የመጡት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ጥንቸል በሞረድ!» እያሉ ሳቁ፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እኔ» እያልኩ ደገምኩላቸው። በሦስተኛው ላይ የእጄን እንቅስቃሴ ሁሉ ጨምሬበታለሁ። ኦቦ ጉዮ ውጭ፣ ከዘበኛው ጋር፣ ሻይና ዳቦ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል።

«ነገ በእኔ ጂፕ ትሄዳለህ» አሉኝ ሹሙ። «በእግርህ ምን አስለፋህ።»

ለኦቦ ጉዮ ትልቅ የምሥራች እንዳመጣ ሰው ወጥቼ «መኪና አግኝተናል፤ ነገ» አልኳቸው።

ረቡዕ ሄድን። ቀይ አፈር፣ ኩይሳ፣ ግራር፣ ደግሞ ኩይሳ። ኦቦ ጉዮ ከኋላ ተቀምጠው የመድኃኒት ሳጥኑን ጭናቸው ላይ ይዘውታል። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ራሳቸው ከጣሪያው ይጋጫል እንጂ ሳጥኑ አይነቃነቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

«ጥንቸል ሣር በላ? ዛሬም በላ?»

«በልታለች» አልኩ።

«ደህና» አሉ።

መንደሩ ስንደርስ አራቱም ላሞች ሞተዋል። የመጨረሻዋ ቡሬ የምትባለው ናት፤ ያን ቀን ጠዋት ነው የሞተችው። ጥጃዋ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ሌሎች ሁለት ላሞች አዲስ ታመዋል። ወጋኋቸው። አንዷ ዳነች።

ባለቤታቸው አዴ ሎኮ ከጎጆው ወጡ። እኔን አላዩኝም፤ ባላቸውን ነው ያዩት። በኦሮምኛ ጠየቋቸው። በዚያን ጊዜ የምሰማው ኦሮምኛ ትንሽ ነበር፤ ይህንን ግን ሰማሁት። እንዳልሰማው ብመኝም ሰማሁት።

«ለምን ቆየህ?»

«ዶክተሩ ሌላ በሽተኛ ነበረው።»

«ሰው ነው የታመመው?»

ኦቦ ጉዮ ጥጃውን አዩት።

«ኤዬ» አሉ። አዎ።

አዴ ሎኮ ፊታቸው ለዘብ አለ። ሰው ከታመመማ ምን ይደረጋል። ከጎረቤት ላም የታለበ ወተት አምጥተው ሰጡኝ።

ጠጣሁት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። የጥንቸል ጥርስ ግን ሞረድኩት ብለህ የምትተወው ነገር አይደለም። ያድጋል። በሦስተኛው ሳምንት ዘበኛው መጣ።

«እትዬ እንደዚያን ጊዜ አድርጋት ብለዋል።»

ሞከርኩ። በሩን ዘግቼ፣ እንጨቱን አስገብቼ፣ ሞረዱን ይዤ። ሞረዱ አመለጠኝና አንዱ ጥርስ ተሰነጠቀ። ደም መጣ። ሙሽራ ድምፅ አላወጣችም። ስትንፈራገጥ ብቻ ለቀቅኳት።

የገበያ ቀን ሲደርስ ኦቦ ጉዮን ፍለጋ ሄድኩ። ፍየሎች መሐል አገኘኋቸው። ምን ብዬ እንደጠየቅኳቸው አላስታውስም። መጡ። በጓሮ በር አስገባኋቸው፤ ወይዘሮ የሺመቤት እንዳያዩ። ሠሩላት። በጓሮ በር ወጡ።

እንደዚህ አራት ጊዜ ይሁን አምስት ጊዜ መጥተዋል። ላሞቻቸውን የገደልኩባቸው ሰው፣ ውሸቴን ሊያድሱልኝ።

ምንም ጠይቀውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ «ሌላ ጊዜ ስመጣ አታስቀምጠኝ» አሉኝ።

«አላስቀምጥህም» አልኩ።

ሌላ ጊዜ አልነበረም። ዝውውሬ መጣ። ከሹሙ የድጋፍ ደብዳቤ ጋር፤ «ለእንስሳት ባለው ርኅራኄና በሙያው ባሳየው ብልሃት» ይላል። ደብዳቤው እስካሁን ፋይሌ ውስጥ አለ። በሦስት ቀን ውስጥ ዕቃዬን ጠቅልዬ በጭነት መኪና ወጣሁ። የገበያ ቀኑን እንኳ አልጠበቅኩም።

ከወራት በኋላ ከወይዘሮ የሺመቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ጽሕፈታቸው ጥሩ ነበር። «ሙሽራ አንተ ከሄድክ በኋላ ሁለት ወር ከምናምን ኖረች» ይላል። «ጥርሷ እንደገና አደገ። ከየቦታው ሐኪም አስጠራን፤ እንዳንተ ያለ እጅ አላገኘንም። ዳቦ በወተት እያረስኩ ብሰጣትም አልሆነላትም። በጭኔ ላይ እንዳለች ሞተች።»

ኦቦ ጉዮ በየሳምንቱ በዚያ በር ያልፉ ነበር እኮ። ፍየላቸውን እየነዱ። ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ጥንቸሏን ታቅፈው፣ እሳቸው በአጥሩ ማዶ። አንዱ ሌላውን እንዳያውቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በአንዲት «ሥራችን ነው»።

መልስ አልጻፍኩላቸውም። ታሪኩን ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አወራሁት! ጡረታ ስወጣ በተደረገልኝ ግብዣ ላይ አውርቼዋለሁ። በልጄ ሠርግ ላይ አውርቼዋለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ እሷም እንደዚያ እንዳመነች ሞተች። በየጊዜው ኦቦ ጉዮ እየቀነሱ ሄዱ። መጀመሪያ «አንድ ቦረና ረድቶኝ» እል ነበር። ቀጥሎ «አንድ ሰው ይዞልኝ»። ትናንት ፌስቡክ ላይ ጭራሽ የሉም።

አሁን ዛሬ ላይ ደረስን።

ከምሳ በኋላ ኮሜንት ሳነብ አንድ ከመሐል ወጣች። የማላውቃት ሴት ናት። «አባባ፣ እኔ ነጌሌ ነው ያለሁት፣ መምህር ነኝ። አያቴ ጉዮ ይባላል። እርስዎ ያኛው ዶክተር ነዎት?»

ከልቅሶ ምልክቱ፣ ከጭብጨባው መሐል፣ ያቺ አንዲት መስመር።

በውስጥ መስመር ስልኳን ለመንኳት። ሰጠችኝ። ደወልኩ።

«አካም» አልኳት። ኦሮምኛዬ እዚያው ላይ አለቀ።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ሰኞን። ማክሰኞን። ዶሮ ወጡን። ደንቡን። ጓሮ በሩን። ለእናንተ ከጻፍኩት የባሰ እየተዝረከረኩ፣ እያለቀስኩም ጭምር። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ በስልክ ሲያለቅስ ደስ አይልም። እሷ በመሐል አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ፣ አባባ» አለችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ አስተማሪ እንደሆነች ያስታውቃል። «እኛ እኮ እናውቃለን። አያቴ ሊያርፍ ሰሞን ለአያቴ ለሎኮም፣ ለሁላችንም ነግሮናል። ጥንቸል እንደነበረ፣ ሁሉንም። እኔ የጻፍኩት እርስዎ መሆንዎን ለማወቅ ብቻ ነው።»

አያችሁልኝ? ሃምሳ ምናምን ዓመት የደበቅኩትን ምስጢር ይዤ በእንባ ስገባ፣ ሰዎቹ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነበር። ምስጢር የሆነው ለእኔ ብቻ ነበር።

«አዴ ሎኮ ምን አሉ? ሲነገራቸው?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«እሷም አርፋለች፤ ያኔ ግን ብዙ ቀን አላናገረችውም» አለች።

እሳቸውን። እኔን አይደለም። በእኔ ፈንታ የዋሹት ሰው በመጨረሻ ዘመናቸው በእኔ ምክንያት ተኮረፉ።

«ልጄ፣ ይቅርታ» አልኳት። «እሳቸውም የሉ፣ አዴ ሎኮም የሉ። ላንቺ ነው የምለው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከኋላዋ የትምህርት ቤት ደወል ይሰማል።

«እሺ» አለች።

ከዚያ ክፍል መግባት እንዳለባት ነግራኝ ደህና ይዋሉ ብላ ዘጋችው።

ይኸው ከዚያ ጀምሮ ሶፋው ላይ ተቀምጬ እያሰብኩ ነው። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። ለእሷ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ግን ከእኔ አሳምራ ትናገረዋለች። ቃላት መራርጣ ነው የምትናገረው። እንደዚያ ዓይነት ሰው ሌላ ነገር ለማለት ብትፈልግ ኖሮ ሌላ ነገር ትል ነበር።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ። «እሺ» ማለት ይቅር ብለንሃል ማለት ነው? ወይስ ሰምተንሃል፣ በቃ ስልኩን ዝጋ ማለት ነው?